የሙሀመድኑር ቃጭል ቦሌ ገባች

ሙሀመድኑር ፍየል ቆጥሮ አያውቅም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰንበቴ ገበያ ከአፋሮቹ እየገዛ እስከ ከሚሴ ሲነዳ የኖረ ነጋዴ፣ «ስንት ናቸው?» ሲሉት «አላህ የሰጠኝን ያህል» ይላል እንጂ ቁጥር ከአፉ አይወጣም። የተቆጠረ ይጎድላል። ይህን ከአባቱ ሰማ፤ አባቱም ከአባቱ። ታዲያ በምን ያውቃቸዋል ብትሉ፣ በዓይኑ ነው። መንጋውን ቃኘት ያደርግና «ቡሬዋ የለችም» ይላል፤ እውነትም ቡሬዋ ወደ ኋላ ቀርታ የሰው አጥር ስትበላ ትገኛለች።

ለዓይኑ ረዳት ደግሞ አንዲት ቃጭል አለችው። ነሐስ ናት፣ ሎሚ ታክላለች፣ ድምጿ ግን ገበያ ያቋርጣል። ከመንጋው ውስጥ ሁልጊዜ የምትጠፋ አንዲት መዘዘኛ አትታጣምና፣ እሷ አንገት ላይ ያስራታል። ፍየሏን ሲሸጥ ቃጭሏን ፈትቶ ኪሱ ይከታታል። ገዢው «ከነቃጭሏ ነው እንጂ!» ብሎ ቢሟገት፣ «ወንድሜ፣ የሸጥኩልህ ፍየል ነው፤ ጆሮዬን አልሸጥኩልህም» ይለዋል። በዚህ የተነሳ ገበያው ሁሉ «ቃጭል የማይሸጠው» እያለ ይጠራዋል።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው የልጅ ልጆቹን ይዞ በቦሌ በኩል ጅዳ እንዲሄድ የተፈረደበት። የልጆቹን ቁጥር ተዉት፣ ስማቸው ይበቃል። አፍናን አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ከቤቱ ሰው ሁሉ ዐዋቂዋ እሷ ናት። አሚር ሰባት ዓመቱ ነው፤ ትምህርት ቤት ከገባ ወዲህ የማይቆጥረው የለም። ባጃጅ ይቆጥራል፣ የመስጊድ ደረጃ ይቆጥራል፣ አያቱ ሲያዛጋ ጥርሱን ይቆጥራል። ትንሿ ኡሚ አምስት ሊሞላት ነው። እሷን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፤ ሙሀመድኑር ራሱ «ፍየል ብትሆን ኖሮ በመጀመሪያው ገበያ ነበር የምሸጣት» ይላል። ይላል እንጂ፣ ሌሊት እጇን ጺሙ ውስጥ ካልከተተች እሷም አትተኛም፣ እሱም አይተኛም።

አባታቸው፣ የሙሀመድኑር ልጅ ሰልማን፣ እና እናታቸው ሳሚያ ጅዳ ከሄዱ አራት ዓመት አልፏል። ሰልማን የመኪና ኤሌክትሪክ ይሠራል፤ ሳሚያ ነርስ ናት። ሲሄዱ ኡሚ ገና ትድህ ነበር። ስለዚህ እናቷን የምታውቃት በስልክ ብቻ ነው። ሰፈር ውስጥ «እናትሽ የት ናት?» ሲሏት «ስልክ ውስጥ» ትላለች፤ «ትንሽ ናት፤ ይቺን ታክላለች» ብላ በጣቶቿ ታሳያለች። ሰው ይስቃል። የሙሀመድኑር ሚስት መሪየም ግን ያን ጊዜ ፊቷን ወደ ጓዳ ታዞራለች።

ቪዛው ስንት ተለምኖ፣ ስንት ወረቀት ተመላልሶ መጣ። ሲመጣም እንደ እንግዳ ዝናብ ድንገት ነው የመጣው፤ የመግቢያው ቀን ሐሙስ ያበቃል፣ ትኬት የተገኘውም ለሐሙስ ነው። ያ አይሮፕላን ካመለጠ ነገሩ ሁሉ ከሀ ይጀምራል፤ ሌላ ዓመት፣ ምናልባትም ሁለት። መሪየም ጉልበቷ ታሞ ከቤት እስከ ገበያ እንኳ በባጃጅ ነው የምትሄደው። ስለዚህ ዕጣው ለፍየል ነጋዴው ወጣ።

መሪየም አንድ ሳምንት ሙሉ አልተኛችም። ከገበያ አንድ ጣቃ ደማቅ አረንጓዴ ጨርቅ ገዝታ ለልጆቹ ሁሉ ከአንድ ጨርቅ አሰፋችላቸው፤ ከሩቅ እንዲታዩ ነው። ለሳሚያ ጭኮ አዘጋጀች። ከዚያ ኡሚን ጭኗ ላይ አስቀምጣ መከረቻት። «ስሚኝ የኔ እናት። የማታውቂው ሰው ስምሽን ቢጠራ እንዳትሄጂ። የልጅ ሌባ ስም አጥንቶ ነው የሚመጣ። ስምሽን ሲጠራ ተደበቂ!» ኡሚ ዓይኗን አፍጥጣ ሰማች። ሌላ ጊዜ አሥር ቢነግሯት አንዱን የማትይዝ ልጅ፣ ይቺን ግን ያዘቻት።

«አንተም ስማ» አለች መሪየም ወደ ባሏ ዞራ። «ልጆቹ አማና ናቸው፣ አደራ። ሰው በሚበዛበት ቦታ ደግሞ እንዳትቆጥራቸው፤ ዓይን አለ።»

«አብሽሪ! ከቆላ ስንት መንጋ አምጥቼ አንዲት ግልገል ጠፍታብኝ ታውቃለች?»

«ግልገል አይሮፕላን አይሳፈርማ!»

ረቡዕ ጠዋት ሚኒባስ ሊሳፈሩ ሲሉ ሙሀመድኑር ከኪሱ ቃጭሏን አወጣና በቀይ ክር የኡሚ ቁርጭምጭሚት ላይ አሰራት። መሪየም «ያ ረቢ! የሰው ልጅ ናት እኮ!» ብላ ጮኸች። «ከነዚህ ውስጥ መዘዘኛዋ ማን እንደሆነች አንቺም ታውቂያለሽ» አላት። እውነቱን ነዋ። ከዚያ «ኢጆሌ ኮ፣ ልጆቼ» እያለች ሦስቱንም፣ ውይ አመለጠኝ፣ ሁሉንም አገላብጣ ሳመቻቸው። ሚኒባሱ ሲነሳ እጇን አላወዛወዘችም፤ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነችና ቆመች።

እስከ አዲስ አበባ መንገዱን ሁሉ ቃጭሏ ስትንጫረር ዋለች። ደብረ ብርሃን ላይ የተሳፈረ አንድ ሰውዬ ከወንበሩ ሥር ጎንበስ ብሎ ፈለገና «ረዳት! ፍየል ጭናችኋል እንዴ?» ብሎ ተቆጣ። ሙሀመድኑር ግን በሠላሳ ዓመቱ እንደዚያ ቀን ተመቻችቶ ተኝቶ አያውቅም። ጆሮው እየሰማ ነዋ። ሌሊቱን ዘመድ ቤት አደሩ፤ ሐሙስ ረፋድ ላይ ቦሌ ደረሱ።

በሩ ላይ ገና ፍተሻው ጠበቃቸው። «ጫማ ይውለቅ፣ ቀበቶ ይፈታ» ተባለ። ሙሀመድኑር ጫማ ማውለቁን መስጊድ ለምዶታል፤ አላስቸገረውም። ቀበቶው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ከጀለቢያው ሥር የለበሰውን ሱሪ ከሰልማን ነው የወረሰው፣ ሰልማን ደግሞ ወገቡ ሰፊ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ ያን ቀን ጠዋት በጥድፊያ በሁለት ቀዳዳ የታጠቀውን ቀበቶ ፈትቶ፣ በአንድ እጁ ሱሪውን፣ በሌላው ኡሚን ይዞ ቆመ። ኡሚ ሻንጣዎቹ ጥቁሩ ምንጣፍ ላይ ተኝተው ወደ ማሽኑ ሲገቡ አየችና፣ ልትከተላቸው ጎንበስ አለች። «እኔስ በጀርባዬ ነው በሆዴ የምተኛው?» ብላ ፈታሿን ጠየቀቻት። አፍናን ከኋላ በቀሚሷ ጎትታ አስቀረቻት።

ኡሚ በበሩ ስታልፍ ማሽኑ ጮኸ። ፈታሿ ጎንበስ ብላ የቀሚሷን ጫፍ ገለጥ አደረገች።

«አባት፣ ይሄ ምንድነው?»

«ቃጭል ነዋ።»

«ቃጭል?»

«እንዳትጠፋ ነው ልጄ። ይቺን አታውቂያትም።»

ፈታሿ ፊቷን አዙራ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ከዚያ ራሷን ሰብሰብ አድርጋ፣ «አባት፣ ወደ ውስጥም ሌላ ፍተሻ አለ፤ በየበሩ ከሚያስጮኽባችሁ እስክታልፉ ድረስ ኪስዎ ያድርጉት» አለችው። ምክሩ የደግ ሰው ምክር ነበር። ሙሀመድኑርም ቃጭሏን ፈትቶ፣ እንዳትንጫረር በመሐረብ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ። መዘዙ የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

ቀጥሎ ሻንጣ ወደሚመዘንበት ሄዱ። መስኮቱ ላይ የተቀመጠችው ልጅ ፈገግታዋ የተመረቀ ነው። ፓስፖርቶቹን ከአፍናን ተቀብላ «አባት፣ ስንት ናችሁ?» አለች።

ሙሀመድኑር ሰምቷታል፤ ያልሰማ መሰለ። «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን።»

«አይ፣ ልጆቹ። ልጆቹ ስንት ናቸው?»

«አላህ የሰጠንን ያህል።»

«እሱማ እሺ። ቁጥሩን ብቻ ይንገሩኝ።»

ከኋላው ሰልፉ ማጉረምረም ጀመረ። ሙሀመድኑር ወደ መስኮቱ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚኝ ልጄ። ይቺ አፍናን ናት። ይህ አሚር ነው። ይቺ ደግሞ ኡሚ ናት። እኔም እንደምታይኝ አለሁ።»

«ገባኝ። ሦስት ልጆችና...»

«አንቺ ነሽ ያልሽው! እኔ አላልኩም! በይ ቶሎ ማሻአላህ በይ!»

ልጅቷ አንገቷ ላይ መስቀል አስራለች። ግራ ገባትና ወደ ጎረቤቷ አየች፤ ጎረቤቷ ከንፈሯን ነክሳለች። «ማሻአላህ» አለች ልጅቷ።

«ድገሚው።»

«ማሻአላህ!»

«አላህ ይባርክሽ። አሁን ጻፊ።»

«አባዬ፣ ሻንጣው ደግሞ አምስት ነው!» አለ አሚር ከሥር። ሙሀመድኑር እንኳን ሊቆጣ ራሱን ዳሰሰው። «ሻንጣ ይቆጠራል ልጄ። ሻንጣ ነፍስ የለውም።»

ፓስፖርቱ ተመታ፣ ሁለተኛው ፍተሻ ታለፈ። ቃጭሏም በማሽኑ ውስጥ ከጭኮው ጎን ተኝታ አለፈች። ሙሀመድኑር ኪሱ መለሳትና «ተቀምጠን አስርላታለሁ» አለ። ከዚያ አዳራሹ ተከፈተ። ሱብሃነላህ! ሰንበቴ በገበያ ቀን፣ የጨፋ ሮቢት ገበያም ተደርቦበት፣ በመስታወት ተከድኖ ማለት ነው። ጥቁሩ፣ ነጩ፣ ቢጫው፣ ሻንጣውን እየጎተተ ይተራመሳል። ሙሀመድኑር መንጋውን ለመቃኘት ዓይኑን ቢያነሳ ዓይኑ የሚያርፍበት አጣ። ዱላው መሪየም «እንኳን ዱላ ምላጭ አያሳልፉም» ብላ ስላስቀረችበት፣ እጁም ባዶነት ተሰምቶታል።

አሚር ነበር መጀመሪያ ያያት፤ ራሷን ይዛ የምትወጣ ደረጃ። ሰው ቆሞ ደረጃው ይሄዳል። አሚር መቁጠር ነው የተሰጠው፤ ደረጃ ሲያይ እንዴት ያስችለዋል? «አንድ፣ ሁለት» ብሎ ወጣ። ሲወጣ ደረጃዎቹ ከሥር እየተወለዱ አላልቅ አሉት። በሌላኛው በኩል ወርዶ እንደገና ጀመረ። «አባዬ! አያልቅም! ዘጠና ሰባት ደርሻለሁ!» እያለ ከላይ ይጮኻል።

«ውረድ አንተ!» አለ ሙሀመድኑር ከታች። አሚር ግን መቶን ሳያገኝ አይወርድም። አፍናን ላምጣው ብላ ወጣች፤ አሚር በአንዱ ሲወርድ እሷ በሌላው ትወጣለች፣ እሷ ስትወርድ እሱ ይወጣል፣ ሁለቱም መሃል ላይ ሲተላለፉ ይነታረካሉ። ሙሀመድኑር አየ አየና ትዕግሥቱ አለቀ። «ቢስሚላህ» ብሎ እግሩን አስቀመጠ። መሬቱ ከሥሩ ሲንቀሳቀስ ነፍሱ ልትወጣ ምንም አልቀራት፤ ሁለት እጆቹን ዘርግቶ መደገፊያውን ግራና ቀኝ አነቀው። ከሁለቱ እጆቹ አንደኛው የኡሚ እጅ የነበረበት መሆኑን ልብ አላለም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው። እሱ ሲወጣ ኡሚ ከታች ቀረች።

ላይ ሲደርስ በቁሙ ነው የዘለለው። አሚርን በጆሮው፣ አፍናንን በእጇ ያዘና እየተቆጣ ወደ መሳፈሪያው በር መንገድ ገባ። ጆሮው ምንም አልነገረውም፤ ቃጭሏ ኪሱ ውስጥ በመሐረብ ተጠቅልላለች። ሃምሳ እርምጃ ያህል እንደሄዱ አሚር ቀና አለ።

«አባዬ፣ ሁለት ነን።»

«አፍህን ያዝ! ስለ መቁጠር ምን ብዬሃለሁ?»

«ግን ሁለት...»

«ደግሞ ይደግመዋል! እዚህ ሁሉ ሰው ፊት! ዓይን ይብላን ነው የምትለው?»

ሌላ ሃያ እርምጃ ሄዱ። ከዚያ ሙሀመድኑር ቀጥ ብሎ ቆመ። ወደ ቀኙ አየ፤ አፍናን። ወደ ግራው አየ፤ አሚር። ከኋላው ማንም የለም።

«ኡሚ ካንተ ጋር አልነበረችም?» አለችው አፍናን አያቷን።

«ካንቺ ጋር አልነበረችም?»

ወደ ደረጃዋ ሮጡ። የሚወርደውን ትተው በሚወጣው ላይ ነው የወረዱት፤ እንዴት እንደወረዱ አላህ ይወቅ። ኡሚ የለችም። ከሱቁ፣ ከሽንት ቤቱ በር፣ ከወንበሩ፤ የለችም። ሰዓቱ ደግሞ እየሄደ ነው፤ የጅዳ ተሳፋሪዎች ወደ በሩ እንዲሄዱ ተጠርቷል። ሙሀመድኑር ዙሪያውን ዞሮ አየ። መሪየም «አማና» ያለችው ጆሮው ላይ ጮኸ። ሳሚያ ይሄኔ እዚያ ማዶ ልብሷን ቀይራ ወደ መንገድ ወጥታ ይሆናል። ምን ብዬ ነው የምነግራት? «ልጅሽን ሠላሳ ዓመት መንጋ የነዳሁ ሰው ደረጃ ፈርቼ ጣልኳት» ልበል? አለቀሰ ወላሂ። በዚያ ሁሉ ሰው መሃል፣ ጺሙ እስኪርስ አለቀሰ።

አፍናን ናት መረጃ የሚሰጡበት ጠረጴዛ ጋ የጎተተችው። እዚያ ያለችው ሴት ደግ ናት፤ ስሟን፣ ዕድሜዋን፣ ልብሷን ጠየቀች። ማይክራፎኗን አነሳች። ወዲያው ከጣራው ላይ አዳራሹን የሚሞላ ድምፅ መጣ። «ሕፃን ኡሚ ሰልማን! ሕፃን ኡሚ ሰልማን! አያትሽ ይፈልጉሻል!»

ጠበቁ። ማንም አልመጣም። ሴትየዋ ደገመችው፤ ሠለሰችው፤ በእንግሊዝኛም፣ በዐረብኛም ተጠራች። ኡሚ ወይ ፍንክች። እንደውም አንድ የጽዳት ሠራተኛ፣ «ቅድም አረንጓዴ የለበሰች ልጅ እዚያ ጋ ቆማ አይቼ ነበር፤ ድምፁ ሲመጣ ሮጠች» አለ።

«ወዴት?»

«እንጃ። ብቻ የሰማችው ነገር ያስደነገጣት ትመስላለች።»

ያን ጊዜ ነው ለአፍናን የገባት። ግንባሯን መታች። «አባዬ! አያቴ መሪየም እኮ ነች! ስምሽን ሲጠሩ ተደበቂ ብላታለች!»

በሉ እንግዲህ። በጠራናት ቁጥር ትደበቃለች። ሴትየዋ ማይክራፎኗን ቀስ ብላ አስቀመጠች። የጅዳው በር ሊዘጋ ነው የሚል ጥሪ ተሰማ። ሙሀመድኑር እጁን ኪሱ ከተተ፤ መሐረብ ፈልጎ ነው፣ ዓይኑን ሊጠርግበት። መሐረቡ ከበደው።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ቃጭሏን አወጣ፣ ከራሱ በላይ አነሳ፣ እንደ ሰንበቴ ሜዳ አዳራሹን መሃል ለመሃል ሰንጥቆ ሄደ። «ኪል! ኪል! ኪል! ኮቱ! ኮቱ ኡሚ፣ ነይ! ኮቱ!» ሰው ሁሉ ቡናውን ይዞ ቀጥ አለ። አንድ ጥበቃ ሊያስቆመው እጁን አነሳ፤ ፊቱን ሲያየው እጁን አወረደ። አንድ የፈረንጅ ሕፃን ከእናቱ እጅ አምልጦ ተከተለው። ቀጥሎ መንታ ሕንዳውያን። ቀጥሎ ጉማሬ ያለበት ሹራብ የለበሰች፣ ጡጦዋን በጥርሷ የያዘች አንዲት ትንሽ። እናቶቻቸው ከኋላ ይሮጣሉ። አሚር ሊቆጥር አፉን ከፈተ፤ አፍናን በመዳፏ ከደነችበት።

በመጨረሻው ረድፍ ወንበሮች ሥር፣ ከአንድ ትልቅ ሻንጣ ጀርባ፣ አረንጓዴ ነገር ተንቀሳቀሰ። መጀመሪያ እጅ፣ ከዚያ ጭንቅላት ወጣ። ኡሚ አቧራዋን እንኳ ሳታራግፍ ቀጥታ መጥታ የአያቷን እግር አቀፈች።

«አባዬ፣ አንድ ሌባ ጣራው ላይ ሆኖ ስሜን ሲጠራ ነበር» አለችው በሹክሹክታ። «አላገኘኝም።»

ሙሀመድኑር አልተቆጣም። አንስቶ አቅፎ አንገቷ ውስጥ ተነፈሰ፤ ከዚያ ሮጡ። በሩ ላይ የደረሱት ሠራተኛው ገመዱን ሲስብ ነው። ሠራተኛው አያትየውን አየ፤ ቃጭሏን አየ፤ ከኋላ የሚርመሰመሰውን የየአገሩን ሕፃን አየ።

«አባት! እነዚህ ሁሉ የእርስዎ ናቸው?»

«የኔዎቹ አረንጓዴዎቹ ናቸው!»

«ስንት ናቸው? ቶሎ!»

ሙሀመድኑር አፉን ከፈተ፤ «አላህ የሰጠኝን ያህል» ሊል። አልወጣም። ከዚያች ከሃምሳ እርምጃዋ በኋላ ዓይኑን ማመን ትቷል። እጁን በየጭንቅላታቸው ላይ እየጣለ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «አንድ! ሁለት! ሦስት!» ብሎ ቆጠረ። አሚር በድንጋጤ አፉን ያዘ። «ስህተት የለውም፣ ሦስት ናቸው» አለ ሙሀመድኑር፤ ላቡን ጠረገ። ገቡ፤ በሩም ከኋላቸው ተዘጋ።

ጅዳ ላይ ሰልማንና ሳሚያ ከብረቱ አጥር ማዶ ቆመው ነበር። አፍናን ሻንጣዋን ጥላ ሮጠች። አሚር «እማ፣ ደረጃው አያልቅም!» እያለ ተከተላት። ሳሚያ ሁለቱን በአንድ ክንዷ አንቃ፣ በሌላው ክንዷ አየሩን ይዛ ቀረች። ኡሚ አልመጣችም። ከአያቷ ጀለቢያ ጀርባ ተደብቃለች።

«ኡሚ! ኡሚዬ፣ የኔ እናት!» አለች ሳሚያ ተንበርክካ።

ኡሚ የጀለቢያውን ጫፍ ጎተተች። «አባዬ» አለች፤ «ይቺ ትልቅ ሴትዮ ስሜን ጠራች።»

ሳሚያ ሰምታታለች። አራት ዓመት ሌሊት ሌሊት የሰው በሽተኛ ስታስታምም ያልፈሰሰው እንባዋ ያን ጊዜ ፈሰሰ። ሰልማን ወደ መሬት አየ። ሙሀመድኑርም ቆመ። ኡሚ እግሩን ያቀፈችበት ቦታ ሞቆታል። እውነቱን እንናገር፤ ለአንድ አፍታ ያህል፣ እንዲህ እንደያዘችው ብትቀር አይጠላም ነበር። ከዚያ እጁን ኪሱ ከተተ። ቃጭሏን አወጣና ሳሚያ መዳፍ ላይ አስቀመጣት።

«አባባ፣ ይህ ምንድነው?»

«ስሟን አትጥሪያት ልጄ። ይቺን ምቺላት።»

ሳሚያ ቃጭሏን መታች፤ አንድ ጊዜ። ኡሚ ከጀለቢያው ጀርባ አንድ ዓይኗን አወጣች። ሳሚያ ደገመቻት። ኡሚ አያቷን ቀና ብላ አየችው። «ኮቱ አለችሽ እኮ» አላት ሙሀመድኑር። «ሂጂ።» ኡሚ ሄደች። መጀመሪያ ቃጭሏን ነካች፤ ከዚያ የሳሚያን አገጭ፤ ከዚያ «ከስልኩ ማን አወጣሽ?» አለቻት።

ወር ተቀምጦ ሙሀመድኑር ብቻውን ተመለሰ። ከሚሴ ሲወርድ መሪየም በዚያ ጉልበቷ እስከ መንገዱ ድረስ ወጥታ ጠበቀችው። ቤት ገብተው ሁሉንም ጠየቀችው። አፍናን ትምህርት ቤት ገባች ወይ፤ ገባች። አሚርስ፤ የጅዳን ፎቅ እየቆጠረ ነው። ኡሚስ ትተኛለች ወይ፤ መጀመሪያ እምቢ ብላ ነበር፣ ኋላ የሰልማን ጺም አደገ። መሪየም ሳቀች፣ አለቀሰች፣ ደግሞ ሳቀች። ከዚያ ልብሱን ልታጥብለት ኪሱን ፈተሸች።

«ቃጭሏስ?»

ሙሀመድኑር ባዶ መዳፉን አሳያት። መሪየምም ገባት፤ ሁለተኛ አልጠየቀችም። ራት አቅርባ ተቀመጠች። ሳህኑ እንደ ድሮው ትልቁ ነው፤ ከልምድ ብዛት ሞልታ ነው ያቀረበችው። ሁለቱም እሱን አዩ።

«መሪየም፣ ቆጠርኳቸው» አለ። «ቦሌ ላይ፣ ሰው ፊት፣ ጮክ ብዬ። የተቆጠረ ይጎድላል ይል ነበር አባቴ። ይኸው ሁለት ሆነን ቀረን።»

«አትቁጠር!» አለች መሪየም፤ ከሳህኑ ላይ እጁን መታ አደረገችው። «ምን ልታጎድል ነው ደግሞ? እኔ አለሁ አይደል? ብላ!»